ሰዉስ የት ሄደ?

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ነበር። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አዲስ አበባ ከእግር ሥር ተዘርግታ ከምትታይበት ቦታ፣ ካሜራዬን ትሪፖድ ላይ አስሬ ቆሜያለሁ። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ቁልፉን ተጫንኩና ሠላሳ ሰከንድ መቁጠር ጀመርኩ። አሥር ላይ ስደርስ ሦስት እናቶች የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው፣ ከሸክሙ ክብደት ጎብጠው፣ በሌንሱ ፊት አልፈው ቁልቁል ወረዱ። የመጨረሻዋ አንገቷን ማዞር ስላልቻለች መሬት መሬቱን እያየች «እንዴት አመሸህ ልጄ» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ በርቱ» አልኳት።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ፎቶው በጣም ያምራል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቦሌ መብራቱ እንደ ፍም ተዘርቷል። እናቶቹ ግን የሉም። ሦስት ሰዎች ከነሸክማቸው ከፊቴ አልፈው ጥላቸው እንኳ አልቀረም። ያንን ፎቶ ብዙ ሰው ወደደልኝ፤ ለቀን መቁጠሪያ የገዛኝም አለ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የምሰማው ያንን ሰላምታ ነው።

እንጀራዬ የሰርግ ፎቶ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮችን አነሳለሁ፤ በሥራ ቀን ማታ ማታ ደግሞ ለራሴ ብዬ ከተማዋን። ሰርግ ላይ ዋናው ሰው ነው። የሙሽራዋ አክስት ከፎቶ ከቀረች ዓመት ሙሉ የሚወራ ቅያሜ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ሰው እንዳይቀርብኝ ዓይኔ ሁልጊዜ ዳር ዳሩን ይቃኛል። ከተማን በሌሊት ሳነሳ ግን ስንቱ ሰው ቀረብኝ፤ ማንም አልተቀየመኝም። ይህን የምጽፈው ማንም ሳይቀየመኝ ራሴን መጠየቅ እንዳለብኝ ስለገባኝ ነው። ጥያቄው የእኔ ብቻም አይደለም፤ የከተማችንን የሌሊት ገጽታ ለሚያነሱ፣ ለሚያሳትሙና ለሚያደንቁ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። በቀን ብርሃን የካሜራ ዓይን የሚከፈተው ለአንድ ሰከንድ መቶኛ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው። በሌሊት ብርሃኑ ጥቂት ስለሆነ ለ10፣ ለ15፣ ለ30 ሰከንድ ተከፍቶ ይቆያል። እኛ ባለሙያዎቹ «ሎንግ ኤክስፖዠር» የምንለው ይህን ነው። በዚያ ጊዜ ካሜራው ብርሃን ያጠራቅማል፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ባልዲ ጠብታ እንደሚያጠራቅም ማለት ነው። ንቅንቅ የማይል ነገር ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ እየተደራረበ ይደምቃል፤ ሕንፃ የሚያምረው ለዚህ ነው። እግረኛ ግን አንድ ቦታ ላይ የሚቆየው የሰከንድ ክፍልፋይ ያህል ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ከጀርባው ያለው ግድግዳ በቀሩት ሰከንዶች ሁሉ ብርሃኑን እያፈሰሰ ይሸፍነዋል። መኪና የራሱ መብራት ስላለው አካሉ ቢጠፋም መብራቱ ይቀራል፤ የፊቱ ነጭ ክር፣ የኋላው ቀይ ክር ሆኖ መንገዱ ላይ ይዘረጋል። ቀላል ባቡሩም ሲያልፍ የመስኮቶቹ ብርሃን አንድ ወጥ ጥብጣብ ይሆናል። ሰው ግን መብራት ይዞ አይሄድም። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

ይህ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ «ቡልቫር ዱ ቶምፕል» የተባለውን ጎዳና ከፎቅ ላይ ሆኖ አነሳ። ያኔ የብር ቅብ ሰሌዳው ብርሃን እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ጎዳናው በሰውና በሠረገላ የሚጨናነቅ ነበር። ፎቶው ላይ ግን ባዶ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግራ ጥጉ ላይ ጎልቶ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማውን እያስጠረገ ቆሟል። ሥሩ ደግሞ ጠራጊው ጎንበስ ብሎ ይታያል። በፎቶ ተነስተው ከምናውቃቸው የሰው ልጆች የመጀመሪያዎቹ አንድ ሊስትሮና ደንበኛው ናቸው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያወቅኩ ዕለት ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። ባለጠጋው በሠረገላው አልፎ ጠፋ። ሊስትሮው ሥራው አንድ ቦታ ስላስቀመጠው ታሪክ ውስጥ ገባ። በእኛም ከተማ ማታ አንድ ቦታ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፦ በር ላይ ተጠቅልሎ የሚያድረው ዘበኛ፣ ሊስትሮው፣ ሶፍትና ማስቲካ በካርቶን የዘረጋው ልጅ፣ በቆሎ የምትጠብሰው እናት። ሎንግ ኤክስፖዠር እነዚህን ሰዎች ፎቶው ላይ ማስቀረት ይችላል። የማናስቀራቸው ካሜራውን ወደ እነሱ ስለማናዞር ነው።

ካሜራችን የሚያየው ወደ ላይ ነው። አልፈርድም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ 99.9 ሜትር ቁመቱ ብርቅ ነበር። በየካቲት 2014 የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ሆኖ ሲመረቅ የከተማዋ መልክ በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ እንጦጦም ላይ ሁን ቦሌ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማቱ መጣ፤ የእግረኛው መንገድ ሰፋ፤ ሕንፃዎች መብራት ለበሱ። የመንገዱ መብራት ከብርቱካናማነት ወደ ነጭ ስለተለወጠ እኔ ራሴ የካሜራዬን የቀለም ልክ እንደ አዲስ መማር ነበረብኝ። ከተማዋ ማታ ታምራለች፤ የማይካድ ነገር አይካድም።

የምታምርበትን ሰዓትም አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ ማምሻው አጭር ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ጥቁር ሳይሆን ጥልቅ ሰማያዊ የሚሆንበት፣ የመብራቱና የሰማዩ ድምቀት የሚመጣጠንበት ጊዜ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በኅዳር ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ ቀድማ ትገባለች፤ በሐምሌ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትቆያለች። ሁሉን ነገር አስቀድሜ አዘጋጃለሁ። ትሪፖዱን ንፋስ እንዳያወዛውዘው ቦርሳዬን ሥሩ እሰቅልበታለሁ፤ ትኩረቱን በእጄ እይዛለሁ፤ ጣቴ ካሜራውን እንዳይነቀንቀው ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ እንዲያነሳ አዘዋለሁ። ከሁሉ የምወደው መስከረም ነው። ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፤ አቧራና ጭስ ገና አልተመለሰም፤ ሩቅ ያለው መስኮት ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጥበቡን አቃልዬ እንደማልናገር እንዲታወቅልኝ ነው። የምቃወመው የተለመደውን ነገር ነው። በየበዓሉ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዘዋወረውን፣ በቀን መቁጠሪያና በትልልቅ ሰሌዳ ላይ የሚታተመውን የአዲስ አበባ ሌሊት ተመልከቱ። ሕንፃ፣ የመኪና መብራት ክር፣ ሰማያዊ ሰማይ። አንድ ሰው የለም። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ሰው ጥሏት የሸሸ ትመስላለች። ይህ ሕንፃን ማክበር ሊሆን ይችላል፤ ከተማን ማሳየት ግን አይደለም።

ይህን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከብሔራዊ ቴአትር አለፍ ብሎ ቆሜ ነበር። ከንግድ ባንኩ ሕንፃ ሥር እሸት በቆሎ የሚጠብሱ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ተቀምጠዋል። እርጥቡ የድንጋይ ንጣፍ መብራቱን ሁሉ መልሶ ያሳያል። በቆሎ ገዛሁና «እማማ፣ እርስዎንም ሕንፃውንም አንድ ላይ ባነሳችሁ ቅር ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ልጄ፣ እኔን ምን ብለህ ታነሳለህ፣ ጥላሸት ለብሼ» አሉ። ነጠላቸውን ግን አስተካከሉ።

ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብዬ፣ ካሜራዬን በጉልበቴ ቁመት አድርጌ፣ ሌንሱን ወደ ኤፍ 11 አጠበብኩት፤ እሳቸውም ሕንፃውም እኩል እንዲጠሩ ነው። የካሜራው የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ) 400፣ ጊዜው ስምንት ሰከንድ። «እስክቆጥር አይነቃነቁ፤ ማራገቢያው ግን አይቁም» አልኳቸው። ስምንት ቆጠርኩ። በዚያ ጊዜ ቢሮ የለቀቀ፣ ወደ ታክሲ የሚሮጥ፣ ለዓውደ ዓመት የገዛውን ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠለ ሰው ሁሉ በመካከላችንና በጀርባቸው ያልፍ ነበር።

ፎቶው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ፊታቸው በፍሙ ብርሃን ቀልቷል። ማራገቢያውን የያዘው እጃቸው ደብዝዞ ክንፍ መስሏል። ከከሰሉ የተነሳው ፍንጣሪ እያንዳንዱ አንድ አንድ የወርቅ መስመር ስሏል። ከኋላቸው ሕንፃው እስከ አናቱ በርቶ ቆሟል። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው ፎቶ ይህ ነው። ካሜራውን አስጠግቼ አሳየኋቸው። ራሳቸውን አላዩም። አጎንብሰው የእግረኛውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር መረመሩና ቀና ብለው «ሰዉስ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ሲሄድ ካሜራው አይዘውም እማማ» አልኩ።

«ይሄ ሁሉ ሰው እያለፈ? ታዲያ እኔ ለማን ነው የምጠብሰው?»

መልስ አልነበረኝም። ግን እዚያው ቆሜ ማድረግ የምችለው ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ሌንሱን ከኤፍ 11 ወደ ኤፍ 4 ከፈትኩት፤ ስምንት እጥፍ ብርሃን ስለሚገባ ስምንቱ ሰከንድ አንድ ሆነ። አይኤስኦውን ከ400 ወደ 1600 አራት እጥፍ ከፍ አደረግኩት፤ አንዱ ሰከንድ ሩብ ሰከንድ ሆነ። በሩብ ሰከንድ ውስጥ እግረኛ ከግማሽ እርምጃ አያልፍም። ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ጃንጥላው፣ ያዘለው ሕፃን፣ ያንጠለጠለው ፌስታል ይለያል። ሕንፃው በዚህኛው ፎቶ ደብዘዝ አለ፤ ጥቁሩ ላይም ቅንጣት ቅንጣት ነገር ወጣበት። ይደብዝዝ። 209 ሜትር የሚረዝም ነገር ትንሽ ቢደበዝዝ ማንም አያጣውም።

የምለው ይህንን ነው። ረጅም ወይም አጭር ጊዜ መክፈት የቴክኒክ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ማን ይቅር፣ ማን ይጥፋ የሚል ውሳኔ ነው። ውሳኔው በእጃችን ነው። ሰውን ማስቀረት ከፈለግን ጊዜውን እናሳጥራለን፤ ወይም ተቀምጦ የሚሠራውን ሰው ጠይቀን፣ አስፈቅደን፣ ከፊት እናደርገዋለን። ምንም አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ጨለማውም እንደዚሁ ነው። አንድ ማታ ጓደኛዬ ከሚኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኜ ሳነሳ መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ፤ ሩቅ ያሉት ጀነሬተር ያላቸው ሕንፃዎች ብቻ ቀሩ። ካሜራውን ለ30 ሰከንድ ከፈትኩት። ሃያ ላይ ስደርስ መብራት መጣ፤ ከየግቢው የልጆች «መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። በፎቶው ላይ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የውኃ በርሜሎቹ በለስላሳ ብርሃን ይታያሉ። ዓይኔ ያላየውን ካሜራው አይቶታል። የሎንግ ኤክስፖዠር ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ያለውን ማውጣት ይችላል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን ይበልጥ እናጠቁረዋለን፤ ሕንፃው ጎልቶ እንዲታይ ሰፈሩን እንቀብረዋለን።

ይህን ስል የሚቆጡ ወዳጆች አሉኝ። «ገመናችንን ለምን ትገልጣለህ? የውጭ ሰው ድህነታችንን ሲያነሳ ኖሯል፤ አሁን ያማረውን ብናሳይ ምን አለ?» ይሉኛል። ቁጭታቸው እውነተኛ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ለረጅም ዘመን በሌሎች ካሜራ የታየነው እጃችንን ስንዘረጋ ነው። ግን ከሰል አራግባ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ገመና አይደለችም። ገመና የሚደበቅ ነገር ነው፤ እሷ የተቀመጠችው አደባባይ ላይ ነው፤ የምትሸጠውን ገዝተን በልተን ነው ቤታችን የምንገባው። እሷን ከፎቶው ማውጣት ክብር አይሰጣትም። ፍሟ ከሕንፃው መብራት እኩል በርቶ ሲታይ ነው ክብር የሚሆናት። ልዩነቱ አነሳሱ ላይ ነው። ሳያስፈቅዱ፣ ከሩቅ ሰርቆ፣ ለማሳዘን የሚነሳ ፎቶ አለ፤ ጠይቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አሳይቶ የሚነሳም አለ። ሎንግ ኤክስፖዠር ተደብቆ ለማንሳት አያመችም። ሰውየው ካልተስማማና ረግቶ ካልተቀመጠ ፎቶው አይወጣም። ስለዚህም ከሌላው አነሳስ ይልቅ ጨዋ ነው እላለሁ።

አንድ ትልቅ እንቅፋት ግን አለብን። ከሕንፃ አናት ሆኖ ማንሳት በትውውቅም በልመናም ይገኛል፤ መሬት ላይ ሰው መካከል ትሪፖድ ማቆም ነው አስቸጋሪው። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ መቆሚያዬን ገና ስዘረጋ የአንድ ሕንፃ ጥበቃዎች መጥተው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየሁ፤ የዕለቱን ፎቶዎች በሙሉ አስጠፉኝ። አልሰደቡኝም፤ አልመቱኝም። «በስልክ ቢሆን ችግር የለም፤ በዚህ ግን አይቻልም» ነው ያሉኝ። እኔን ሲያናግሩኝ ከመስታወቱ ውጭ ወጣቶች ቆመው ያንኑ ሕንፃ በስልካቸው ያነሱ ነበር። የዛሬ ስልክ የሌሊት ማንሻ አለው፤ ብዙ ምስሎችን በሰከንዶች ውስጥ አነባብሮ አንድ የሚያደርግ ነው። ሥራው ከእኔ ካሜራ ሥራ የተለየ አይደለም። የተከለከለው እንግዲህ ፎቶ ማንሳት አልነበረም፤ ሦስቱ የብረት እግሮች ነበሩ።

ጥበቃዎቹ ላይ ቂም የለኝም። አለቃቸው ያዘዛቸውን ነው የሚሠሩት፤ ምን እንደተፈቀደና ምን እንደተከለከለ ግልጽ ካልሆነላቸው ሁሉን መከልከል ይቀላቸዋል። ፎቶ የማይነሳባቸው ቦታዎች መኖራቸውንም ማንም አስተዋይ ይቀበላል። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ የከተማው አስተዳደርና የሕንፃ ባለቤቶች የተከለከለውን ቦታ ለይተው፣ ምልክት አድርገው፣ ጽፈው ያስታውቁ፤ ከዚያ ውጭ ባለው የሕዝብ መንገድና አደባባይ ላይ መንገድ እስካልዘጋ ድረስ ባለ ትሪፖድ ሰው እንደማንኛውም እግረኛ ይታይ። ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶ መንገዱ ከሰፋና መብራቱ ከተተከለ፣ ቆሞ የሚያየው ሰው ሊኖረው ይገባል። የፎቶ ውድድር የምታዘጋጁ፣ ቀን መቁጠሪያ የምታሳትሙ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአሥራ ሁለቱ ገጽ ቢያንስ በግማሹ ሰው ይኑርበት በሉ። ወጣቶቹ የሚያነሱት እናንተ የምትገዙትን ነውና።

የሚያስቸኩለኝ ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ የድሮ ፎቶዎቼን አገላብጬ ነበር። ከዶሮ ማነቂያ እስከ ጊዮርጊስ ያነሳኋቸው የሌሊት ፎቶዎች አሉኝ፤ ብዙዎቹ ሎንግ ኤክስፖዠር ናቸው። ያኔ «የማይንቀሳቀስ» ብዬ ያነሳሁት ግድግዳ ዛሬ የለም። ሕንፃውም ለካ መንገደኛ ነበር፤ እርምጃው ዘገየ እንጂ። በዚያ ግድግዳ ሥር ሲያልፉ የነበሩት ሰዎች ግን በሕይወት አሉ፤ ከተማዋ ዳር ዳር ተበትነው ይኖራሉ። በእኔ ፎቶ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። የሰፈሩ ሰው «እስቲ ያንን ዘመን አሳየኝ» ቢለኝ የማሳየው ባዶ መንገድ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚቆጨኝ ነገር የለም።

ያን የጳጉሜን ዕለት ማታ እማማን ያነሳሁባቸውን ሁለቱንም ፎቶዎች አሳተምኩ፤ የስምንቱን ሰከንድና የሩቡን። በመስከረም አጋማሽ ይዤ ሄድኩ። እማማ ከዚያው ቦታቸው ናቸው፤ የበቆሎው ወቅት ሊያልቅ ስለሆነ የቀረው ጥቂት ነበር። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ሁለቱንም ተቀበሉኝ። የመጀመሪያውን፣ እኔ የምወደውን፣ አንዴ አይተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን ወደ ፍሙ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጥላሸት ያለበት ጣታቸውን ጫፉ ላይ አሳረፉ፤ ሕፃን ያዘለች፣ ፊቷ የማይለይ፣ ግማሽ እርምጃ ላይ ያለች ሴት ናት።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ። «ሁለት ነው የገዛችኝ። አንዱን ለልጇ።»